የወላጆች ጉባኤ በየትኛው ቀን ይዋል?

በዚህ ዐምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቤት ሥርዓትና ስለ ትምህርት በየጊዜው እንነጋገራለን። የዛሬው ጉዳይ ለአንዳንዱ አንባቢ እጅግ ትንሽ መስሎ ሊታየው ይችላል፤ ይኸውም ትምህርት ቤት ወላጆችን ጠርቶ ስለ ልጆቻቸው ለማስተማርና ለማነጋገር ባሰበ ጊዜ ቀኑን እንዴት አድርጎ መምረጥ እንደሚገባው ነው። ቀን ቈረጣ የዲሬክተሩ ሥራ ነው፣ እኛን ምን አገባን የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ጉባኤው ባዶውን የሚውለውም ሆነ ሞልቶ የሚውለው አብዛኛውን ጊዜ በተናጋሪው አንደበት ሳይሆን በቀኑ ምርጫ ምክንያት መሆኑን የተመለከተ ሁሉ፣ ነገሩ ትንሽ አለመሆኑን ይረዳል።

የተለመደውን እናስታውስ። አስተማሪዎች ክፍሉን አስጠርገው፣ አግዳሚውን ደርድረው፣ ሰሌዳው ላይ እንኳን ደኅና መጣችሁ ብለው ጽፈው ይጠብቃሉ። ከሚጠበቀው ወላጅ ሢሶው እንኳ አይመጣም። የሚመጡትም ሁልጊዜ የሚመጡት ናቸው፤ ልጆቻቸው ደኅና የሚማሩ፣ ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ አጠገብ የሆነ፣ ሥራቸው ፈቃድ የሚሰጣቸው። ልጇ ከክፍል የምትቀርባት፣ ለመዳርም የታጨችባት እናት አትመጣም። በዚያ ቀን ስለ ልጃገረዶች ከትምህርት መቅረት የሚነገረው ምክር ሁሉ ለማይመለከታቸው ሰዎች ይነገራል። መዋጮም ቢሆን፣ የተማሪ ልብስም ቢሆን፣ የፈረቃ ለውጥም ቢሆን በጥቂቶች ድምፅ ይወሰናል። በማግስቱ አስተማሪው፣ ወላጁ ለልጁ ግድ የለውም ይላል፤ ወላጁም በበኩሉ፣ እኛ በማንችልበት ቀን ጠርተው ያለ እኛ ወሰኑ ይላል። ሁለቱም እውነት የተናገሩ ይመስላቸዋል። ልጅቱ ግን እስከዚያው ድረስ ከትምህርት ቤት ወጥታለች።

በአገራችን ወላጅ በትምህርት ቤት አስተዳደር ድርሻ እንዲኖረው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደንግጓል፤ በ1994 ዓ.ም. የወጣውና ከሽፋኑ ቀለም የተነሣ ሰማያዊው መጽሐፍ እየተባለ የተጠራው የትምህርት ሚኒስቴር መመሪያም የወላጅና የመምህር ኅብረት ምን ምን ሥልጣንና ተግባር እንዳለው ዘርዝሯል። ሕጉ ወንበር ሰጥቶናል ማለት ነው። በወንበሩ መቀመጥ የሚቻለው ግን ሰው ሊገኝ በሚችልበት ቀን ነው።

ወላጅ ልጁን ከሚያስተምሩለት ሰዎች ጋር በተወሰነ ቀን መገናኘቱ ለእኛ ለክርስቲያኖች አዲስ ነገር አይደለም። ሐና ልጇን ሳሙኤልን በሴሎ ለካህኑ ለዔሊ ከሰጠችው በኋላ ረስታው አልተቀመጠችም፤ በየዓመቱ ከባሏ ጋር መሥዋዕት ለማቅረብ በሚወጡበት ወራት ትንሽ ልብስ እየሠራች ትወስድለት ነበር። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ሐና ልጇን የምትጎበኘው ከቤተ ሰቡ የዓመት መንገድ ጋር በተስማማ ቀን ነው። አንድ ጊዜ ለመሥዋዕት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለጉብኝት ትውጣ ብትባል ኖሮ ከተራራማው ከኤፍሬም አገር ሁለት ጊዜ መውጣት በከበዳት ነበር። ጌታችንም በዐሥራ ሁለት ዓመቱ በመምህራን መካከል ተቀምጦ የተገኘው እመቤታችንና ዮሴፍ እንደ ልማዳቸው ለፋሲካ በወጡበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ጥሩ ቀን ማለት በሰዎች ኑሮ ላይ በግድ የተጫነ ቀን ሳይሆን ከኑሯቸው መካከል ተፈልጎ የተገኘ ቀን ነው።

ይህን አሳብ በአንድ ስፍራ ላይ አድርገን እንመልከተው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ጎዳና ላይ የምትገኘው ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ዞኑ ባቲን፣ ዳዋ ጨፋን፣ አርጡማ ፉርሲን፣ ጅሌ ጥሙጋንና ደዌ ሐረዋን ይዟል። አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነው፤ ኦርቶዶክሳውያን ቤተ ሰቦች ቍጥራቸው ጥቂት ይሁን እንጂ በከተማውም በገጠሩም ይኖራሉ። አፋን ኦሮሞ በቤትና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይነገራል፤ አማርኛም በጽሕፈት ቤት፣ በገበያና በብዙ ቤት ይሰማል። የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ በበጋ ከሩቅ ለሚመጡ ከብት አርቢዎች ሳይቀር ሣርና ውሃ ይሰጣል። እንዲህ ያለ ልዩ ልዩ ሕዝብ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ልጆቹን በሚያስተምርበት አገር ቀን መምረጥ እንደ አዲስ አበባ የሥራ ቀንን ብቻ አይቶ የሚጨረስ ነገር አይደለም፤ በከሚሴ ቀን በትክክል መምረጥ የቻለ በሌላም ስፍራ አይቸገርም።

በመጀመሪያ ሳምንቱን እንየው። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። የባቲ ገበያ እጅግ የታወቀ ነው፤ ከአፋር ቈላ ግመልና ከብት፣ ከደጋው እህል የሚወርድበት፣ የብዙ ቤት የሳምንት ወጪ የሚገኝበት ነው። በባቲና በዙሪያዋ ሰኞ ቀን ጉባኤ የሚጠራ ትምህርት ቤት ከገበያው ጋር መወዳደሩ ነውና፣ አሸናፊው ማን እንደሚሆን አስቀድሞ የታወቀ ነው። እሑድ ደግሞ ስሟ ከሰንበት ጋር የሚሄደው ሰንበቴ ትገበያያለች፤ ለእኛም ቅዳሴ የምናስቀድስበት፣ ከጠበልና ከሰንበቴ ማኅበር የምንገናኝበት ቀን ነው። ዓርብ ሙስሊሞች በጁምዓ ሶላት ይሰበሰባሉ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም በዓርብ የምሳ ሰዓት ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል መሆኑ ስለዚሁ ነው። በየወረዳውና በየከተማው ሌላም የገበያ ቀን አለና፣ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ልጆቹ ከሚመጡባቸው ቀበሌዎች ሁሉ የገበያውን ቀን ጠይቆ መጻፍ አለበት፤ ትምህርት ቤቱ ካለበት ከተማ ብቻ አይደለም።

ቅዳሜ ቀረ። አብዛኛው ትምህርት ቤት ቅዳሜን ይመርጣል፤ ምክንያቱም ክፍሉ ባዶ ነው፣ ደመወዝተኛውም ዕረፍት ላይ ነው። ስለ ቅዳሜ ግን አንድ ነገር ማለት ይገባናል። ቤተ ክርስቲያናችን ሁለቱንም ሰንበታት ታከብራለች፤ ይህም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በ1450 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በተጉለት በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ጸንቷል። ስለ ልጅ ለመምከር መሰብሰብ ቀዳሚት ሰንበትን የሚያፈርስ የእጅ ሥራ ነው ብለን አንልም፤ ሰንበት ለመልካም ሥራ ተሰጥታለችና። ይሁን እንጂ በገጠሩ ቤት ቅዳሜ የልብስ አጠባ፣ የእንጀራ ጋገራና የነገ ዝግጅት ሸክም የሚበዛበት ቀን ነው፤ ይህም ሁሉ የሚወድቀው በእናት ላይ ነው። ቅዳሜ ለአባቶችና ለደመወዝተኞች ይመች ይሆናል፤ ለእናቶች ግን እንደሚባለው የዕረፍት ቀን አይደለም።

በእኛ አስተያየት ለከሚሴና ለአካባቢዋ የሚሻለው የማክሰኞ ወይም የሐሙስ ጧት ነው። ያን ቀን ልጆች ይማራሉ፣ ክፍሉም የተያዘ ነው የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። በፈረቃ የሚያስተምር ትምህርት ቤት የአንዱን ፈረቃ ግማሽ ቀን ለዚህ ቢሰጥ የሚጐድለው በዓመት ሁለት ግማሽ ቀን ነው፤ በዛፍ ጥላ ሥር መሰብሰብም ይቻላል። ደመወዝተኛው እንዴት ይሁን ቢባል፣ ደመወዝተኛ ከአለቃው የሁለት ሰዓት ፈቃድ መለመን ይችላል፤ ቅቤና ማሾ ይዛ የምትወጣ ሴት ግን ገበያን ፈቃድ መለመን አትችልም። ረቡዕን ያልጠራነው በጾም ምክንያት አይደለም፤ በብዙ ስፍራ ገበያ ስለሚውልበትና ሁለት የሚመረጡ ቀኖች ከሦስት ስለሚበልጡ ነው። ምርጫ ሲበዛ ክርክር ይበዛልና።

አሁን ዓመቱን እንመልከት። መስከረም ከዕንቍጣጣሽ እስከ መስቀል የምዝገባና የደብተር ወራት ነው፤ ወላጅ ኪሱም አሳቡም የተወጠረ ነው፤ በቈላው ደግሞ ከክረምት በኋላ ወባ የሚነሣበት ጊዜ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ የመከር ወራት ናቸው። የማሽላው እሸት ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ልጆች ሳይቀሩ ማማ ላይ ወጥተው ወፍ ይጠብቃሉ፤ ወላጅ አጨዳና ውቂያ ላይ ይሰነብታል። በታኅሣሥ ጉባኤ የሚጠራ ትምህርት ቤት እህሉን ሜዳ ላይ ትቶ የሚመጣ ገበሬ የሚጠብቅ ነው። ጥር የጥምቀት፣ የሠርግና የመንፈቀ ዓመት ፈተና ወር ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ስለ ጾሙ በኋላ እንናገራለን። ግንቦት ላይ የቈላው ሙቀት የሚበረታበት፣ የማሳ ዝግጅት የሚጀመርበትና ተማሪ ለመጨረሻው ፈተና የሚዘጋጅበት ነው። ሰኔ ዝናብ ነው፣ ዘር ነው፤ ሰኔ 30 ካርድ የሚሰጥበት ቀን መሆኑ ከድሮ ጀምሮ በሁሉም ልብ ውስጥ አለ።

ብዙ ትምህርት ቤቶች ይህን የሰኔውን ቀን የወላጆች ቀን ይሉታል። ሽልማት ይሰጣል፣ ልጆች ይዘምራሉ፣ ደስ ይላል፤ ልጆቹ የደከሙበት ነውና አንነቅፈውም። ነገር ግን ለወላጅ ትምህርት የሚሆን ቀን እርሱ አይደለም። በሰኔ መጨረሻ ልጅህ በሒሳብ ደክሟል፣ ልጅሽ በወር ስምንት ቀን ትቀራለች ብሎ ለወላጅ መንገር፣ ከብቱ ከጠፋ በኋላ በረት እንደ መዝጋት ነው። ምክር ማለት ዓመቱ ገና ሳያልቅ ሊታረም በሚችልበት ጊዜ የሚሰጥ ነው። ስለዚህ በዓመት ሁለት ቀን እንፈልጋለን፤ አንዱ አስተማሪው ልጆቹን በስማቸው ካወቀ በኋላ፣ ይኸውም በጥቅምት፣ መንገዱ ደርቆ መከሩም ሳይደርስ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና ባለቀበት ሰሞን፣ ውጤቱ ገና ትኩስ ሳለ።

ሁለተኛው ቀን ነው የሚያስቸግረው፤ ከጾም ጋር ይገናኛልና። የእኛ ዐቢይ ጾም በባሕረ ሐሳብ ይቈጠራል፤ ከየካቲት 1 በፊት አይገባም፣ ከመጋቢት 5 አያልፍም፤ ትንሣኤም ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 አይዘገይም። የሙስሊሞች ረመዳን በጨረቃ ብቻ የሚቈጠር ስለ ሆነ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ በየዓመቱ ወደ ኋላ እየሳበ በ33 ዓመት ያህል ወራቱን ሁሉ ይዞራል። ሁለቱ ቈጠራዎች በራሳቸው መንገድ ሲሄዱ ባለፉት ዘመናት ተለያይተው ቈይተው አሁን ደግሞ ተገናኝተዋል። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ሰኞ የካቲት 17 ሲገባ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ገባ። በ2018 ዓ.ም.ም ዐቢይ ጾም የሚገባው ሰኞ የካቲት 9 ሲሆን ረመዳን አሁንም በዚያው ሳምንት ነው። በአንድ አጥር የሚኖሩ ሁለት ጎረቤቶች በአንድ ሳምንት ጾም ጀመሩ ማለት ነው።

ለምሳሌ 2019 ዓ.ም.ን እንቍጠር። ዓመተ ዓለሙ 7519 ነው፤ በ19 ሲገደፍ 14 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ስንተው ወንበሩ 13 ይሆናል። 13ቱን በ19 አባዝተን በ30 ብንገድፍ መጥቅዑ 7 ነው፤ መጥቅዕ ከ14 ስላነሰ በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት 7 ይውላል፤ ያም ቀን ቅዳሜ ነው። የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነውና ከ7 ጋር ሲደመር መባጃ ሐመሩ 15 ይሆናል። ስለዚህ ጾመ ነነዌ የካቲት 15፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 29፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 24 ይውላል። በዚያ ዓመት ረመዳን የሚጀምረው በየካቲት መባቻ ገደማ ሆኖ የሚፈታው የእኛ ጾም በሚገባበት ሰሞን ነው፤ ትክክለኛውን ቀን ጨረቃዋ ታውቃለች። እንግዲህ በ2019 ከየካቲት መጀመሪያ እስከ ሚያዝያ 24 ድረስ በከሚሴ ያለ ማቋረጥ አንደኛው ወገን ወይም ሌላው ይጾማል ማለት ነው። በዚህ ዓመት ሁለተኛውን ጉባኤ ለየካቲት ያሰበ ትምህርት ቤት ወደ ጥር መጨረሻ ቢያመጣው ይሻለዋል፤ ማክሰኞ ጥር 25 ከጥምቀትም ከአስተርእዮ ማርያምም ያለፈ፣ ከረመዳን የቀደመ ቀን ነው፤ የመንፈቁ ፈተና እስከዚያ ካለቀ። የመጀመሪያውን ጉባኤ ደግሞ ማክሰኞ ጥቅምት 10 ላይ ማድረግ ይቻላል። ይህን ሁሉ ለመቍጠር አንድ የቤተ ክርስቲያን ሊቅና አንድ የመስጊድ ሰው በሐምሌ ወር ለአንድ ሰዓት ከዲሬክተሩ ጋር ቢቀመጡ ይበቃል። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ዲያቆን በየደብሩ አለና፣ ዕውቀቱን ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭም እንዲህ ለሕዝብ ጥቅም ቢያውለው ምንኛ መልካም ነው።

በጾም ወራት ጉባኤ አይደረግም ብለን አንከለክልም። ጾም የሥራ መፍቻ አይደለም። ነገር ግን በዐቢይ ጾም እስከ ሰዓተ ቅዳሴ የሚቈዩ እናቶች አሉ፤ በረመዳንም ሌሊት ለሱሑር የተነሡ፣ ቀን ውሃ እንኳ የማይቀምሱ ሴቶች በቈላ ፀሐይ አንድ ሰዓት ተጉዘው ሁለት ሰዓት እንዲቀመጡ መጠየቅ ይከብዳል። ሌላው የማንዘነጋው የጉባኤው መስተንግዶ ነው። ክርስቲያን የሙስሊምን፣ ሙስሊም የክርስቲያንን እርድ እንደማይበላ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ለወላጆች ጉባኤ ከቶ ከብት አይታረድ፤ ሥጋ በቀረበበት ማዕድ ወላጆች ለሁለት ይቀመጣሉ፤ አንድ ለማድረግ የተጠራው ጉባኤ መለያያ ይሆናል። ዳቦ፣ ቈሎ፣ ቡናና ሻይ ቢቀርብ በጾምም በፍስክም ማንንም አያስቀይም፤ ወጪውም ቀላል ነው። የወሎ ሰው ቡና ላይ ተቀምጦ የማይነጋገረው ነገር የለም።

አሁን ወደ እኛ ወደ ኦርቶዶክሳውያኑ እንመለስ፤ ይህን መጽሔት የምታነቡት እናንተ ናችሁና። በዞኑ ውስጥ ቍጥራችን ጥቂት በመሆኑ ሁለት ዓይነት ስሕተት ሲደረግ ይታያል። አንደኛው ዝምታ ነው። ጉባኤው በኅዳር ጽዮን ወይም በጥር 21 ቀን ተጠርቶ ሲሰማ ብዙው ወላጅ ለማንም ሳይናገር ይቀራል፤ ቈይቶም በዓላችንን አላከበሩልንም ብሎ በልቡ ያዝናል። ቀኑን የቈረጠው አስተማሪ ግን የእኛን በዓል ላያውቅ ይችላል። ቀኑ ከተነገረ በኋላ ከማዘን ገና ሳይቈረጥ መናገር ይገባል። ሁለተኛው ስሕተት የዚህ ተቃራኒ ሲሆን፣ በየወሩ በዓል ሁሉ ማመካኘት ነው። ከወሩ ሠላሳ ቀን መታሰቢያ የሌለበት ቀን አይገኝም፤ በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ እያልን ብንቈጥር ለልጃችን የሚተርፍ ቀን አናገኝም። ዓመታዊውን በዓልና የደብሩን ንግሥ ማክበር ግድ ነው። በወርኃዊው በዓል ግን አስቀድሶ ወጥቶ ከልጅ አስተማሪ ጋር መነጋገር ከበዓሉ ክብር የሚቀንሰው ነገር አይታየንም፤ የሚጠራጠር ካለ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። በ12 የሚካኤል ማኅበር ያላቸው እናቶች ዝክሩ ከሰዓት በኋላ እንዲሆን ቢስማሙ ጧቱን ለትምህርት ቤት መስጠት ይችላሉ።

የራሳችንን በዓል እንዳስታወስን ለጎረቤታችንም እንናገርለት። ወላጅ ኅብረት ውስጥ የተመረጠ ክርስቲያን፣ ቀኑ በዒድ አልፈጥር ወይም በዐረፋ ዋዜማ ላይ የወደቀ እንደ ሆነ፣ ሙስሊሙ እስኪናገር ሳይጠብቅ እርሱ ቢያነሣው፣ በሌላ ጊዜ ሙስሊሙ ስለ ልደትና ስለ ስቅለት እንዲሁ ያነሣለታል። ይህ የጨዋ ጉርብትና ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በአጣዬና በዙሪያዋ የደረሰውን፣ በ2014 ዓ.ም.ም ጦርነቱ እስከ ከሚሴ መድረሱን የምናስታውስ ሁሉ፣ የአንድ አገር ወላጆች ያለ ምንም የፖለቲካ አጀንዳ በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ስለ ልጆቻቸው ፊደል የሚነጋገሩበት ቀን ምን ያህል ውድ እንደ ሆነ እናውቃለን። በብዙ ስፍራ እንዲህ የሚያገናኝ ሌላ ግቢ የለም። ስለዚህ ያንን ቀን አንዱ ወገን ሊገኝበት በማይችል ቀን ማባከን ያሳዝናል።

ስለ ሰዓቱም ጥቂት እንበል። ከጧቱ 3 ሰዓት ተጀምሮ 5 ሰዓት ላይ ቢያልቅ ለቈላው አገር ይስማማል። ከዚያ ቀደም ብሎ ቢሆን እናት ውሃ ቀድታ፣ ቁርስ አብልታ፣ ሕፃን አዝላ አትደርስም፤ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ደግሞ ከገጠር የመጣችው ሳይመሽባት መመለስ ስለሚያሳስባት ጆሮዋ እንጂ ልቡናዋ አይገኝም። ሁለት ሰዓት የተባለው ሁለት ሰዓት ይሁን። የክብር እንግዳ እየተጠበቀ ወላጅ ፀሐይ ላይ የሚቀመጥበት ጉባኤ ለሚቀጥለው ዓመት ሰው አያስገኝም፤ ባለ ሥልጣን ካልመጣ አይጀመርም ከሚባል ባለ ሥልጣኑ ባይጠራ ይሻላል። ሕፃን ለያዙ እናቶች ከበሩ አጠገብ ስፍራ ይተውላቸው።

ጥሪው ደግሞ ከሁለት ሳምንት በፊት ይድረስ፤ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይጻፍ። ደብዳቤ ብቻ ግን አይበቃም፤ ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ደብዳቤውን የሚያነብላቸው ያው ተማሪው ልጅ ነው፤ በትምህርቱ የደከመ ልጅ ደግሞ ደብዳቤውን አሳምሮ መደበቅ ያውቃል! ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት፣ ዓርብ ከሶላት በኋላ በመስጊድ፣ በገበያም በአፍ ይነገር። በዋዜማው ልጆቹ በአንድ ድምፅ ነገ ነው እያሉ ወደ ቤታቸው ይሂዱ።

ቀኑን ከመቍረጥ በፊት ሁለት ቀኖችን አቅርቦ መጠየቅ ይገባል ብለናል፤ የሚጠየቀው ግን ማን እንደ ሆነ ይታሰብበት። አባቶች ብቻ ከተጠየቁ ለአባቶች የሚመች ቀን ይመረጣል። በየክፍሉ አስተማሪው ልጆቹን፣ ማክሰኞ ጧት እናታችሁ ከቤት ትገኛለች ወይስ ሐሙስ ብሎ እጅ ቢያስነሣ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የመንደሩን ሁሉ ኑሮ ያውቃል። አያቱ ዘንድ የሚኖር፣ ከአጎቱ የተቀመጠ ልጅም ይጠየቅ፤ ወላጅ የምንለው አሳዳጊውን ጭምር ነውና።

አንድ ነገር ቀርቷል። በገጠርም በከተማም ቀን ምንም ያህል ቢመረጥ በዚያች ጧት ልቅሶ ቢደርስ ሰው ሁሉ ወደ ቀብር ይሄዳል፤ የዕድሩ ጥሩምባ ከተነፋ በኋላ ሰውን አግዳሚ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም፣ አይገባምም። ስለዚህ በጥሪው ደብዳቤ ላይ ከዋናው ቀን በታች ተለዋጭ ቀን ይጻፍ፤ በ2019 ምሳሌያችን ማክሰኞ ጥቅምት 10 ካልሆነ ማክሰኞ ጥቅምት 17፣ በአጥቢያው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ያለ እንደ ሆነ ደግሞ በዓሉ ነውና ማክሰኞ ጥቅምት 24 ተብሎ። ልቅሶው የሙስሊም ቤትም ይሁን የክርስቲያን፣ አስተማሪዎቹ በሩን ዘግተው ከሕዝቡ ጋር ወደ ቀብር ይሂዱ፤ ተለዋጩንም ቀን ከቀብር መልስ በድንኳኑ ሥር ለተቀመጠው ሁሉ ይናገሩ።